ልብ ሲደክም ነርሷ ምን ታያለች?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የአባባሉ እውነትነት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ምንም ሳይደብቅ፣ በሽታው ራሱ በተራ ስም እየተጠራ ተደብቆ የሚኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። እግር ሲያብጥ «መንገድ በዝቶበት ነው» እንላለን። ሌሊት ሲያስል «ብርድ መትቶት ነው» እንላለን። ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቢያጥር «እርጅና ነው»፣ እንቅልፍ ቢያጣም «ሐሳብ ገብቶት ነው» እንላለን። አራቱም ምክንያቶች ከዕለት ኑሯችን የተወሰዱ ስለ ሆኑ ማንም አይደነግጥባቸውም። ነገር ግን አራቱ ምልክቶች ባንድ ሰው ላይ ባንድ ወቅት ሲገኙ ብዙ ጊዜ የአንድ በሽታ አራት ፊቶች ናቸው። ያም በሽታ የልብ ድካም የሚባለው ነው።

ዛሬ ለአንባቢዎቼ የማቀርበው ስለ በሽታው ሕክምና የተጻፈ ትምህርት አይደለም፤ ያ የሐኪሞች ጉዳይ ነው። የምጽፈው ነርስ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ቆማ ይህን በሽታ በጥያቄ፣ በዓይን፣ በጆሮ፣ በጣትና በሚዛን እንዴት እንደምትመረምረው ነው። («ነርሷ» ስል በዚሁ ሙያ የሚያገለግሉትን ወንዶችም ጭምር ማለቴ ነው።) ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ነርሶችን ብቻ እንዳልሆነ፣ ንባቡን እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው ይረዳዋል።

የደከመ ልብ ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የልብ ድካም ሲባል ልብ ድንገት ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። የደከመ ልብ ይመታል፤ ነገር ግን ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም ለመግፋት አቅም ያንሰዋል። ልብ የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል ጡንቻ ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ ቢመታ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይመታል። ሰውየው ዐርፎ በተቀመጠበት ሰዓት እንኳ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። ይህ በቀን ሲታሰብ ወደ 7,000 ሊትር ይደርሳል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ቢሆን 35 በርሜል ይሞላል ማለት ነው።

ልብ ግራና ቀኝ አለው። ግራው ከሳንባ የመጣውን ደም ለመላው ሰውነት ያከፋፍላል፤ ቀኙ ደግሞ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል። ግራው ሲደክም ደሙ ከኋላው በሳንባ ውስጥ ይጨናነቃል፤ ፈሳሹም አየር ሊገባበት ወደሚገባው ስፍራ ይሰርጋል። ትንፋሽ የሚያጥረውና ሌሊት የሚያስለው ስለዚህ ነው። ቀኙ ሲደክም ደግሞ የአንገት ደም ሥር ይወጠራል፣ ጉበት ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፣ እግር ያብጣል። በዚህ ላይ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ሲቀንስ ሰውነት ውሃ የጎደለው መስሎት ጨውና ውሃ አጥብቆ ይይዛል። ይህም በጎርፍ ላይ ዝናብ እንደ መጨመር ነው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። የደም ግፊት አንዱ ነው፤ ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ሥሮች መጥበብ ሌላው ነው። በአገራችን ግን ገና በልጅነትና በወጣትነት ልብን የሚያደክም ሌላ ጠላት አለ። እርሱም በጉሮሮ ሕመም ተጀምሮ የልብን በሮች የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ወደ እርሱ ኋላ እንመለሳለን።

መጠየቅ የሙያው መጀመሪያ ነው

የእኛ አገር ሰው ጤንነቱን ሲጠየቅ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ማለት ልማዱ ነው። ይህ መልካም ጠባይ ነው፤ ለምርመራ ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ያወቀች ነርስ «ደኅና ነዎት?» ብላ አታቆምም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለውን ንግግር ተመልከቱ።

«አባባ፣ ሌሊት እንዴት ያድራሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ልጄ።»

«ጋደም ብለው ነው የሚተኙት ወይስ ቀና ብለው?»

«ኧረ ጋደም ማለትስ ከጥምቀት ወዲህ ቀረ። ከጋደምሁ ያፍነኛል፤ ግድግዳውን ተደግፌ ነው የማነጋው።»

እነሆ፣ «ደኅና ነኝ» ያሉት ሽማግሌ ለወራት ተቀምጠው ያደሩ ሰው ሆነው ተገኙ። ሰው ሲጋደም በእግሩና በሆዱ የነበረው ደም ወደ ደረቱ ይመለሳል። የደከመው ልብ ይህን ጭነት መግፋት ስለማይችል ሳንባ ይጨናነቃል። በውጭ አገር የተጻፉ መጻሕፍት ነርሷ «በስንት ትራስ ትተኛለህ?» ብላ እንድትጠይቅ ያስተምራሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በቤቱ አንድም ትራስ የሌለው ሰው ብዙ ነው። እርሱ ጋቢውን አጣጥፎ ይንተራሳል፤ ወይም እንደ ሽማግሌው ግድግዳ ይደገፋል። ስለዚህ ነርሷ ጥያቄውን ከሕመምተኛው ኑሮ ጋር ታስማማለች።

ሌሎቹም ጥያቄዎች እንዲሁ ናቸው። ከእንቅልፍዎ ታፍነው ይነቃሉ ወይ? መስኮት ወይም በር ከፍተው አየር ይፈልጋሉ ወይ? ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው? ጫማዎ ወይም ቀለበትዎ ጠበብዎት ወይ? አምና ሳያርፉ የወጡትን ዳገት ዘንድሮ ስንት ጊዜ ዐርፈው ይወጡታል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ እጅግ ጠቃሚ ነው። የበሽታው እርምጃ የሚታወቀው ሰውየው ዛሬ የሚችለውን ከትናንቱ ጋር በማነጻጸር ነውና።

የኒው ዮርክ የልብ ማኅበር በ1928 እ.ኤ.አ. ሕመምተኞችን በአራት ደረጃ የከፈለበት ሥርዓት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በአንደኛው ደረጃ ያለው የልብ ሕመም ቢኖርበትም በተራ ሥራ አይደክምም። ሁለተኛው ሲቀመጥ ደኅና ነው፤ በተራ ሥራ ግን ይደክማል። ሦስተኛው ልብሱን እንደ መልበስ ባለ ጥቂት እንቅስቃሴ ይደክማል። አራተኛው ዐርፎ ተቀምጦም ትንፋሽ ያጥረዋል። ወደ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ በመካከል ቆሞ ወረቀት የሚያገላብጥ መስሎ የሚያርፍ ባልደረባ ካላችሁ፣ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ የሚነግረው ሐኪም ያስፈልገዋል።

ዓይን፣ ጣትና ጆሮ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. ስለ ሕሙማን አያያዝ ባሳተመችው መጽሐፍ ሕመምተኛን አስተውሎ ስለ መመልከት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፋለች። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የተማሩት ይህንኑ ሙያ ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. በወጣትነታቸው ቢያርፉም፣ ነርስነት ለንጉሥ ልጅ እንኳ የሚያኮራ ሙያ መሆኑን በሥራ አሳይተዋል። ይህን ያነሣሁት አለምክንያት አይደለም። «ነርስ መርፌ ወጊ ናት» የሚል ሰው የሙያውን ግማሽ አላወቀም። ከመርፌው በፊት የሚመጣው ማስተዋል ነው።

ነርሷ ወደ አልጋው ስትቀርብ ገና ሳትናገር ብዙ ነገር ታያለች። ሕመምተኛው ወደ ፊት ዘንበል ብሎ እጆቹን በጉልበቱ ላይ አስደግፏል ወይ? አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያርፍ ይጨርሳል ወይ? ወይስ በየሁለት ቃሉ ትንፋሽ ይወስዳል? ቀጥላ ቀለሙን ትመለከታለች። የነጮች መጻሕፍት «ቆዳው ይሰማያዊ» ይላሉ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ይህ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ነርሷ ምላሱን፣ ድዱንና የከንፈሩን ውስጥ ገልጣ ታያለች፤ የደም ማነስ እንዳለም ለማወቅ የዓይኑን ቆብ ውስጥና መዳፉን ትመረምራለች።

ትንፋሽ ስትቆጥር ደግሞ አንድ ብልሃት አላት። የሕመምተኛውን የእጅ አንጓ ይዛ የደም ሥር ትርታ የምትቆጥር መስላ የደረቱን መነሣትና መውረድ ትቆጥራለች። ሰው ትንፋሹ እንደሚቆጠር ሲያውቅ አተነፋፈሱን ይለውጣልና። ለዐርፎ ተቀማጭ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ትንፋሽ ተገቢ ነው። ትርታውንም ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች እንጂ 15 ሴኮንድ ቆጥራ በ4 አታባዛም፤ የታመመ ልብ ብዙ ጊዜ ሥርዓቱን ጠብቆ አይመታም። ትርታው የተዘበራረቀ ከሆነ ጓደኛዋን ትጠራለች። አንዷ በማዳመጫ ደረት ላይ፣ ሌላዋ በእጅ አንጓ ላይ፣ በአንዲት ደቂቃ ባንድነት ይቆጥራሉ። በደረት 110፣ በእጅ 88 ቢገኝ፣ 22 ምቶች እጅ ድረስ የሚዘልቅ ጉልበት አጥተዋል ማለት ነው።

የአንገት ደም ሥር ደግሞ ተፈጥሮ ያበጀችው መለኪያ ነው። አልጋው በ45 ዲግሪ ቀና ሲደረግ የጤነኛ ሰው የአንገት ደም ሥር ከብርብራው አጥንት በላይ እምብዛም ጎልቶ አይታይም። በልብ ሕመምተኛ ላይ ግን ተወጥሮ ወደ መንጋጋ ሲወጣ ይታያል። ከዚህ በኋላ ነርሷ በአውራ ጣቷ ቅልጥሙ ላይ ጥቂት ሴኮንድ ተጭና ትለቃለች። ጣቷ የነበረበት ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ አለ ማለት ነው። እብጠቱ በቁርጭምጭሚት ቀርቷል ወይስ ጉልበት አልፏል? ይህን ሁሉ ትጽፋለች። አልጋ የያዘ ሕመምተኛ እግሩ ባያብጥ አትታለልም። ውሃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ስለሚወርድ የወገቡን ግርጌ አገላብጣ ትመረምራለች።

ማዳመጫው ራሱ የተወለደው በልብ ሕመምተኛ አጠገብ ነው። ላይኔክ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1816 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የልብ ሕመም ምልክት የነበረባትን ወጣት ሴት ለመመርመር ወረቀት ጠቅልሎ ጆሮውን ቢያስጠጋ፣ የልቧን ምት ከዚያ በፊት ከሰማው ይልቅ አጥርቶ ሰማ። ዛሬ ነርሷ ማዳመጫውን በጀርባ በኩል በሳንባው ግርጌ ታሳርፋለች። ፀጉር በጆሮ አጠገብ በጣት ሲታሽ የሚሰጠውን የመሰለ የመንሿሿት ድምፅ ብትሰማ ሳንባው ውሃ መያዙን ትጠረጥራለች። በልቡ ላይም ከተለመዱት ሁለት ድምፆች ሌላ ሦስተኛ ቢጨመር፣ ምቱ እንደሚጋልብ ፈረስ ኮቴ ይሰማል።

ሚዛንና መዝገብ

ከዚህ ሁሉ መሣሪያ ግን እንደ ተራ ሚዛን ያለ ታማኝ የለም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ቢጨምር ሥጋ አልጨመረም፤ ውሃ ነው። እብጠት ለዓይን ከመታየቱ በፊት ጥቂት ሊትሮች አስቀድመው ሊጠራቀሙ ስለሚችሉ፣ ሚዛን ከዓይን ቀድሞ ይናገራል። ነገር ግን አመዛዘኑ ሥርዓት አለው፤ ሁልጊዜ ጧት፣ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በአንድ ዓይነት ቀላል ልብስ፣ በዚያው በአንዱ ሚዛን መሆን አለበት። ትናንት ጋቢ ለብሶ ዛሬ ያለ ጋቢ የተመዘነ ሰው ቁጥር ምንም አይናገርም።

የሚገባና የሚወጣ ፈሳሽም ይለካል። ውሃ፣ ሻይ፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ ሁሉም ተቆጥሮ ይጻፋል፤ ሽንቱም በመለኪያ ዕቃ ይለካል። ሕመምተኛው ጠበል የሚጠጣ ቢሆን አስተዋይዋ ነርስ እምነቱን ሳትነካ መጠኑን ብቻ ትጠይቃለች። በጾም ወቅትም ኪኒኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆይ እንደ ሆነ ጠይቃ ለሐኪሙ ታስታውቃለች እንጂ አትቆጣም። የተቆጣችው ሕመምተኛ ለሚቀጥለው ጥያቄ እውነቱን አይመልስላትም።

ከመድኃኒቶቹ ጋር የተያያዘው ጥንቃቄም የምርመራው ክፍል ነው። ሽንት የሚያበዛው ፉሮሴማይድ ጧት ሲሰጥ ሌሊት እንቅልፍ አይነሣም። ዊሊያም ዊዘሪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ዲጂታሊስ ከተባለው ተክል የሚገኘውን መድኃኒት በ1785 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አስታወቀ። የዚሁ ዘር የሆነው ዲጎክሲን ለአንዳንድ ሕመምተኞች ዛሬም ይታዘዛል። ነርሷ ከመስጠቷ በፊት የልቡን ምት በማዳመጫ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራለች፤ በአዋቂ ሰው ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን ይዛ ሐኪሙን ትጠይቃለች። ማቅለሽለሽ ቢመጣ ወይም ነገር ሁሉ ቢጫ መስሎ ቢታይ መድኃኒቱ መብዛቱን ሊያመለክት ይችላል።

አንድ ቀን የታየው ቁጥር ብቻውን ድዳ ነው፤ ከትናንቱና ከነገው ጋር ሲሰለፍ ግን ይናገራል። ትንፋሽ 18፣ 22፣ 26፤ ክብደት 61፣ 62፣ 63 ኪሎ የሚል መዝገብ ያየ ሰው፣ ሕመምተኛው «ደኅና ነኝ» ቢልም ወዴት እየሄደ እንደ ሆነ ያውቃል። በአገራችን ሐኪም ያለበት ቦታ ሩቅ ነው፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የልብን ምስል የሚያሳየው መሣሪያ የለም። ነርሷና ጤና መኮንኑ ግን አሉ። ሕመምተኛውን በጊዜው ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው ወይም ያለጊዜው ወደ ቤቱ የሚመልሰው የእነዚህ ሰዎች ማስተዋል ነው።

የእኛስ ድርሻ ምንድን ነው?

ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ነርሷ አብራው አትሄድም። በቤት የሚጠብቀው ልጁ፣ ባለቤቱ ወይም ወንድሙ ነው። እናንተ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች በቤታችሁ ማንበብና መጻፍ የምትችሉ ስለ ሆናችሁ መዝገቡን የመያዝ ኃላፊነት በእናንተ ላይ ይወድቃል። አንድ ደብተርና አንድ ሚዛን ይበቃል። በየጧቱ ቀኑንና ኪሎውን ጻፉ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመረ፣ እግር ማበጥ ከጀመረ፣ ወይም መንተራሻው ከፍ እያለ ከሄደ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ጨው ቀንሱ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ ይስታል። «ወጡ ላይ ጨው አልጨመርንም» ይባላል፤ ነገር ግን በርበሬውና ሽሮው ገና ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ለሕመምተኛው ያለ ጨው የተዘጋጀ ለብቻው ይቀመጥለት። ለወገብ ሕመም ተብሎ ከመድኃኒት መደብር እንደ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሐኪም ሳይጠይቁ አይግዙለት፤ እነዚህ ውሃና ጨው በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ።

ሌሊት በድንገት ትንፋሽ ቢያጥረው ጎረቤት ተሰብስቦ «ጋደም ይበል!» ይላል። ይህ በሳንባው ላይ ውሃ መጨመር ነው። ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ እግሩ ወደ ታች ይውረድ፤ መስኮት ክፈቱ፤ ሰው ይቀነስለት፤ ፈጥናችሁም ወደ ሆስፒታል አድርሱት። አረፋ ያለበት ቀላ ያለ አክታ ከወጣው አንዲት ደቂቃ የምትባክን አይደለችም።

ነፍሰ ጡርና አራስም አትዘንጉ። በመጨረሻው የእርግዝና ወርና ከወለዱ በኋላ ባሉት አምስት ወራት የልብ ጡንቻቸው የሚደክም ሴቶች አሉ። «አራስ ስለሆነች ነው» ተብሎ ትንፋሽ ማጠሯ ከታለፈ እናት ልትጠፋ ትችላለች።

በመጨረሻ በአስተማሪነቴ የምለው አንድ ነገር አለ። የሩማቲክ የልብ በሽታ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመምና ትኩሳት ይከተላል፤ ከዚያም የልብ በሮች ይጎዳሉ። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ አይረዳም፤ የሚረዳው በጊዜው የሚሰጥ ፔኒሲሊን ነው። በሽታው አንድ ጊዜ የያዘው ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመት ይታዘዝለታል። ትኩሳቱ ጠፋ ተብሎ መርፌው ከተቋረጠ በሽታው ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥርም ልብን ይበልጥ ይጎዳል።

እንግዲህ ከጎናችሁ ያለው ተማሪ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ሲል፣ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ መርፌ የሚወጋበትን ቀን ሲረሳ፣ ነገሩን ቀላል አታድርጉት። እናታችሁም «እግሬ አበጠ፣ መንገድ በዝቶብኝ ነው» ቢሏችሁ፣ እንደ ነርሷ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «እማዬ፣ ሌሊትስ ጋደም ብለሽ ነው የምትተኚው?» መልሱ ምናልባት ወራት ተደብቆ የኖረውን በሽታ ያወጣው ይሆናል።